ከአንድ በርሜል የወጡ ሁለት ስካርፎች

መስከረም 20 ቀን

ለታናሽ እህቴ ለጩጬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፉ፣ ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ እንዳለን አለን፤ አንቺን ባለሽበት ይጠብቅልን እንጂ የእኛስ ነገር የታወቀ ነው። እማዬ ሰላም ትልሻለች። እንዲያውም ገና ብዕር ሳነሳ ጀምራ «ሰላም ብላለች ብለሽ ጻፍሽ?» እያለች ልቤን አድርቃዋለች።

በስልክ ስናወራ መጨረሻችን ጭቅጭቅ ስለሆነ በደብዳቤ ይሻለናል ያልሽው እውነትሽን ነው። ደብዳቤ መሃል ገብቶ አያቋርጠኝም።

ፎቶሽ ደርሷል። ነጭ ጋዋን ለብሰሽ ከዚያ መለኪያሽ አጠገብ የተነሳሽውን ማለቴ ነው። እማዬ ፍሬም አስገብታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁማዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ትንሿ ልጄ ናት፤ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ የፈሳሹን ኮምጣጣነት በኤሌክትሪክ ትለካለች» ትላለች። እኔ እዚያው ሻይ እየቀዳሁ! እኔስ ክር ማቅለሚያ ቤት ውስጥ ምን ስሠራ የምውል መስሏት ነው? ወረቀቱን ነክሬ ቀለሙን እያየሁ፣ ቀላ ያለ እንደሆነ ኮምጣጤ በዝቷል፣ ሰማያዊ እንደሆነ ሶዳው ገና አልለቀቀም፣ አረንጓዴ እንደሆነ ውሃው ጠርቷል እያልኩ ዕድሜዬን የጨረስኩት እኔ አይደለሁም? አንቺንስ ያስተማረሽ ማን ነው? የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱን ከነክንድሽ ሶዳ ውስጥ ነክረሽ ስታለቅሺ እጅሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይህን ግን እማዬ ለእንግዳ አታወራም። እንግዲህ ቀናች በይኝ። አዎ ቀንቻለሁ፣ ምን ይደረግ!

አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የመለኪያ ወረቀታችን ሊያልቅ ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ደግሞ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ ቀለሙ ደብዝዞብኛል። አንቺ ካለሽበት ደህናውን ጥቅል ላኪልኝ። ቀለሙ ጎላ ያለውን።

ከዚህ ጋር ስካርፍ ልኬልሻለሁ። ክሩን ራሴ ነክሬ፣ ራሴ አለቅልቄ፣ ራሴ ሠርቼዋለሁ። የአባባ ኮት ውስጥ የነበረው ለስላሳ ሰማያዊ ገበር ትዝ ይልሻል? እሱን ነው ያሰብኩት። ለሽያጭ የሚሆነውን ቀለም በሚዛን እየለካን ነው የምንጨምረው፤ ይህን ግን በዓይኔ ብቻ፣ እያየሁ ጠብ እያደረግሁ አወጣሁት። ከዚያው በርሜል ለእማዬም አንድ ሠርቼላታለሁ። ከአንገቷ አታወልቀውም። ዝም ብላ አንገቷን ታካለች እንጂ፤ ሙቀቱ ነው መሰለኝ።

ወረቀቷ እህትሽ


ጥቅምት 27 ቀን

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከዚህ ሩቅ ቦታ ይድረስሽ። ለእማዬም ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልሽ ነበር፤ ሥራስ ሁሌም ይበዛል። ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ ነው።

ስካርፉ ደረሰኝ፤ እጅሽ ይባረክ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ማንም የለውም። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ ዞሮ ነው የሚያየኝ።

ወረቀቱን እያፈላለግሁ ነው። እስከዚያው ልጠይቅሽ፦ ሶዳውን ስታለቀልቂ ወረቀቱን የምታዪው መስኮቱ ጋ ነው ወይስ በመብራት? ካየሽውስ በኋላ ሌላ ሰው ያየዋል? እንዲሁ ነው የምጠይቅሽ። እኛ ጋ መሣሪያውም ቢሆን ብቻውን አይታመንም። ጠዋት ጠዋት ልካቸው የታወቀ ፈሳሾች ውስጥ እያስገባን፣ አራቱን አራት፣ ሰባቱን ሰባት፣ አሥሩን አሥር ማለቱን እናረጋግጣለን። ከሳተ እናስተካክለዋለን። ማንም አይቀየመውም፣ እሱም አይቀየምም። እኔ መጀመሪያ ሥራ የገባሁ ሰሞን ይህ ነገር በጣም ይገርመኝ ነበር።

እማዬ አሁንም አንገቷን ታካለች? ስካርፏን በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ እጠቢላት። አዲስ ክር ስለሆነ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

አንቺስ ደህና ነሽ? ደክሞሽ ይሆን? ሁሉን ጻፊልኝ።

የምትወድሽ ጩጬ


ኅዳር 22 ቀን

ለእህቴ፣

ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ሰላምታው ይበቃናል፣ ወደ ነገሬ ልግባ።

ትናንት ማቅለሚያ ቤቱ ጥቅል መጣ። የአንቺን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ ነው የማውቀው። «ወረቀቴ መጣ!» ብዬ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ሮጥኩ። አለቃችን ጋሽ ቶሎቶሎ ቀደመኝ። «የኔ ስም ነው ያለበት» አለ። እኔ እህትሽ እዚያው ቆሜ በሱ ስም! እንደ ስሙ ቶሎ ቶሎ ቀዳደደውና ከውስጡ ምን አወጣ? ያንን ከፎቶሽ ላይ የማየውን መለኪያ። ትንሽ ነው እንጂ ራሱ ነው፤ ቁጥር የሚያበራ፣ ጫፉ ላይ የብርጭቆ እንቁላል ያለው።

ጋሽ ቶሎቶሎ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «በሉ፣ ማን ያውቅበታል?» አለ። እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ ማን ብቅ ብትል ጥሩ ነው? ባለፈው ዓመት የተቀጠረችው ልጅ። ስልክ ከእጇ የማይለይ፣ ሥራ ላይ የምታንጎራጉር። ቁልፉን ጠቅ ጠቅ አደረገችና በርሜሉ ውስጥ ከተተችው። «ሰባት ነጥብ አንድ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም አጨበጨበ። የበር ዘበኛው ሳይቀር አጨበጨበ፤ ሰባት ነጥብ አንድ ምን እንደሆነ የት ያውቅና! ከዛሬ ጀምሮ ስሟ «ዲጂታሏ» ሆኗል። የኔስ ስም ወረቀቷ አይደል? አየሽ፣ ወረቀት ተቀዶ የሚጣል ነገር ነው።

ደሜ ፈላ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። አንድ ጥቅል ወረቀት ለመንኩሽ፣ ተተኪዬን ላክሽልኝ። ምን በደልኩሽ? እማዬ ደግሞ ይህን ሰምታ «አየሽ የልጄን ቸርነት» አለች። ልጄ ስትል እኔን መቼም አይደለም።

በሣጥኑ ውስጥ ለኔ የጻፍሻት ቁራጭ ማስታወሻ ደርሳኛለች። «የብርጭቆው ጫፍ መድረቅ የለበትም፣ ሁልጊዜ ክዳኑ ውስጥ በጨዋማው ፈሳሽ ይቀመጥ፣ ንገሪያቸው» ብለሻል። አልነገርኳቸውም። ማን ጠየቀኝ? ጋሽ ቶሎቶሎ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ፣ የፈሳሹን ጠርሙስ ከነካርቶኑ ከሥር ጥሎ፣ መለኪያውን ከዋንጫዎቹ ጋር መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ለመለካት ሲፈለግ ቁልፉ ከአንገቱ ይወጣል። ሲመለስ ተወልውሎ ነው። እንደ ወርቅ ጥርስ ነው የሚያብረቀርቀው።

እህትሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለእታለም፣

ይህን ስትቀበዪ ቁጣሽ በርዶ፣ ጤናሽ በርትቶ ያግኝሽ።

መለኪያውን በጋሽ ቶሎቶሎ ስም የላክሁት በድርጅት ስም ሲሆን ጉምሩክ ስለማያስቸግር ነው። የምተካሽ መስሎሽ ከሆነ በጣም አዝናለሁ። አንቺን የሚተካ ነገር ፋብሪካ አይሠራም። እባክሽ ስለ ብርጭቆው ጫፍ ንገሪያቸው። ከደረቀ ይበላሻል። ኮምጣጤ ውስጥም ሶዳ ውስጥም ብትከቺው አንድ ዓይነት ነገር ይቀባጥራል። በኔ ከተናደድሽ እኔን ስደቢኝ፣ በክሩ ላይ አትወጪው።

በኔ ትቀኛለሽ አይደል? እስቲ የኔንም ስሚ። እኔ የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ነጩን ጋዋን ስለብስ ከግድግዳው አልለይም። ቀኑን ሙሉ ቁጥር አነባለሁ፣ ብልቃጥ አጥባለሁ፣ ማታ ወጥቼ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ቤቴ እገባለሁ። አንቺ ግን እማዬ ልብሽን ስታደርቀው ትውያለሽ። እሷ ጓዳ ስትንጎዳጎድ ትሰሚያለሽ። «ጻፍሽ?» ስትልሽ ተማርረሽ ነው የምትነግሪኝ፤ እኔ ያንን አንብቤ ቅናት አንጀቴን ሲልጠው አመሸ። አንድ ቀን እንኳ እኔን «ሻይ ቅጂ» ብላ ብትጠራኝ የማልሰጠው የለም።

ሌላ ልጠይቅሽ፣ አትቆጪ። መርፌ ውስጥ ክር ራስሽ ታስገቢያለሽ? መብራት ስታዪ ዙሪያው ይበተንብሻል? እንዲሁ ነው።

ጩጬ


ጥር 8 ቀን

ለተወደድሽው እህቴ፣

እንዴት ነሽ አንቺ? እኔ በጣም፣ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ዛሬ ሰላምታዬን የማስረዝመው ደስ ብሎኝ ነው። እማዬ ሰላም ብላለች፣ ዘበኛው ሰላም ብሏል፣ በርሜሎቹ ሰላም ብለዋል።

ያ ተአምረኛ መሣሪያሽ አበደ! ሰኞ ዕለት ዲጂታሏ ኮምጣጤው ውስጥ ከተተችው፣ «ሰባት» አለ። ሶዳው ውስጥ ከተተችው፣ «ሰባት ነጥብ ሁለት» አለ። የዘበኛው ሻይ ውስጥ ከተቱት፣ ሻዩም ሰባት። ጋሽ ቶሎቶሎ «ቶሎ አስተካክይው!» እያለ ይጮኻል፣ ልጅቷ ቁልፉን እየነካካች ታለቅሳለች። እኔ ከጥግ ቆሜ ሽርጤን እያስተካከልኩ ነበር። አንጀቴን እንዴት እንዳራሰው አልነግርሽም።

የመጣው ትእዛዝ ደግሞ ቀላል አይደለም። ለማዋለጃ ክሊኒክ፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት መጠቅለያ የሚሸመንበት ክር ነው። ቀለል ያለ ቢጫ። ጋሽ ቶሎቶሎ ዞር ዞር አለና በመጨረሻ «ወረቀቷስ የት አለች?» አለ። ይህን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ተጀንኜ ሄድኩ። ከቀረው ጥቅል ቀድጄ ነከርኩ፣ አየሁ። «አረንጓዴ ሆኗል፣ ይበቃዋል፣ አውጡት» አልኩ።

ዲጂታሏ ከኋላዬ አንገቷን አሾልካ «እትዬ፣ ወደ ሰማያዊ አላደላም?» አትለኝም መሰለሽ! «አንቺ ቁጥር ቁጠሪ፣ ቀለም የኔ ነው» አልኳት። ኩም አለች። ሰው ሁሉ ሰማኝ። ክሩ ተሰጥቶ ደረቀና ወደ ሸማኔዎቹ ሄደ።

ታዪውና ትኮሪብኝ ዘንድ አንድ ቁራጭ ጠምዝዤ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ከእንግዲህ ወረቀትም አትላኪልኝ፤ ያለኝ ይበቃኛል። ስለ መርፌና ስለ ክር የጠየቅሽኝን ግን አልወደድኩትም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንዴ? የአባባን ነገር ለማንሳት ከሆነ አታንሺብኝ።

ባለ ድሏ እህትሽ


ጥር 21 ቀን፣ በፈጣን ፖስታ

ለእታለም፣

ሰላምታዬን ሳልጨርስ ወደ ነገሬ ስለምገባ ይቅር በይኝ። ትናንት ደወልኩልሽ። «ያ ክር» ከማለቴ «ቀናሽ እንዴ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ስደውል ስደውል አላነሳሽም። ጋሽ ቶሎቶሎ ጋ መደወል እችል ነበር፤ ጣቴ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ እነግርሻለሁ።

የላክሽልኝን ክር በተጣራ ውሃ ዘፍዝፌ ውሃውን ለካሁት። አሥር ሊሞላ ምንም አልቀረው። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ በሦስቱም ፈሳሾች አስተካክዬ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ከዚያ ወረቀት ነከርኩ። ሰማያዊ ነው፣ እታለም። አንቺ አረንጓዴ ያልሽው ሰማያዊ ነው። ሶዳው አልለቀቀም። አዲስ የተወለደ ልጅ ገላ ላይ ሊጠቀለል ነው።

ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ስካርፉን ባደረግሁ በማግሥቱ አንገቴ ቀላ። ጫፉን ዘፍዝፌ ብለካው ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እማዬም አንገቷን የምታክከው ከሙቀት አይደለም። አንቺ ቸልተኛ አይደለሽም፤ ውሃው ካልጠራ ከበርሜሉ ንቅንቅ እንደማትዪ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ችግሩ እጅሽ ላይ አይደለም፤ ዓይንሽ ላይ ነው። «ወረቀቱ ደብዝዞብኛል» ያልሽኝ ዕለት ነው የጠረጠርኩት። ቀለም ማየት ሳያስፈልግሽ በቁጥር እንድትሠሪ ብዬ መለኪያውን ላክሁ። በስምሽ ብልከው ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ፈራሁ። በአለቃሽ ስም ስልከው ደግሞ ከሌላ ሰው እጅ ጣልኩሽ። ጥበቤ እዚህ ድረስ ነበር።

ለምን እንደፈራሁ ታውቂያለሽ። ያ ደንበኛ አባባ የሰፋለትን ጥቁር ኮት መንገድ ላይ ዘርግቶ፣ ጠርዙ በሰማያዊ ክር የተሰፋውን ለአላፊ አግዳሚው ሲያሳይ ሁለታችንም እዚያ ነበርን። አባባ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠና ከዚያ ወዲህ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ኖረ። አንቺም እንደሱ ደጃፍ ላይ እንድትቀመጪ አልፈለግሁም። ለጋሽ ቶሎቶሎ ያልደወልኩት ለዚህ ነው። ግን ሕፃናቱን አስቤ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም። ክሩ እስኪሸመን ጊዜ አለ። ይህ ደብዳቤ ደርሶሽ ምንም ካላደረግሽ ግን ለጋሽ ቶሎቶሎ እደውላለሁ። ትጠይኛለሽ፣ ጥይኝ።

እኔን አትመኚ። ክሩን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፊ፣ ወረቀቱን ንከሪ፣ ለሌላ ሰው አሳዪና «ምን ቀለም ነው?» በይ። ሌላ ምንም አትበይ።

ጩጬሽ


የካቲት 17 ቀን

ለእታለም፣

ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለእማዬ፣ ሰላም ለአንቺ።

ዝም አልሽኝ። ጋሽ ቶሎቶሎ ጋ ደወልኩ፤ «ሁሉም ተስተካክሏል፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቶሎ በይ» ብሎ ዘጋው። እማዬ ስደውል «ደህና ናት፣ ወጣ ብላለች» ትለኛለች፤ የት እንደወጣሽ አትነግረኝም። ከሥራ ወጣች ይሆን ብዬ አስባለሁ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ስደቢኝ እንጂ ጻፊልኝ።

ጩጬ


መጋቢት 28 ቀን

ለእህቴ ለጩጬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ቀጥ ቀጥ ብሎ ካየሽው አትገረሚ፤ መስመሩ ስለታየኝ በመስመሩ ላይ እየሄድኩ ነው።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማቅለሚያ ቤት፣ የሶዳው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ቀደድኩት። ከዚያ ቁርጥራጩን ለቅሜ ገጣጥሜ እንደገና አነበብኩት። ሌላ ሰው ከመጠየቄ በፊት ብቻዬን ሞከርኩ። የክሩን ቁራጭ ዘፍዝፌ፣ ወረቀቱን ነክሬ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። አረንጓዴ። ደጅ ወጣሁ፣ ፀሐይ ላይ አየሁት። አረንጓዴ ነው! አንቺን በልቤ የሰደብኩሽን ስድብ ወረቀት አይችለውም።

ከዚያ ዘበኛውን «ይህ ምን ቀለም ነው?» አልኩት። «ሰማያዊ» አለ። ይህ ምን ያውቃል ብዬ ጋሽ ቶሎቶሎን ጠየቅሁ። «ሰማያዊ ነዋ፣ ይኼን ልትጠይቂኝ ነው ያስቆምሽኝ?» አለና ሄደ። ዲጂታሏን መጠየቅ ሞት መሰለኝ። ጠየቅኋት። አየችው፣ ደግሞ እኔን አየችኝ። «እትዬ፣ ለአንቺ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ብትስቅብኝ ኖሮ እገላገል ነበር። ስጠብቅ የነበረው ሳቋን ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀችም። ስለ ብርጭቆው ጫፍ ያኔ ነው የነገርኳት። የፈሳሹን ጠርሙስ ከቁም ሣጥኑ ሥር ፈልገን አወጣነው፣ ጫፉን ዘፍዝፈን አሳደርነው። በማግሥቱ አእምሮው ተመለሰለት። ክሩ የተዘፈዘፈበት ውሃ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።

ከዚያ ጋሽ ቶሎቶሎ ፊት ሄጄ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ «ክሩን ከሸማኔዎቹ አስመልሱት፣ አላየሁም፣ ዓይኔ ነው» አልኩ። አባባ መቀሱን ሲጠቀልል እንዴት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። እኔም ሽርጤን ፈትቼ አጠፍኩት። ጋሽ ቶሎቶሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሽርጡን ወዴት ነው የምትወስጂው? ቱባው ሁሉ እንደገና ይለቀለቃል፣ ማን ሊያለቀልቀው ነው? ቶሎ በይ!» አለኝ። መልሼ ታጠቅሁት። በራሱ መኪና ነው ሄዶ የጫነው። ዲጂታሏ ቁጥሩን እየጠራች፣ እኔ እያለቀለቅሁ፣ ሰባት እስኪል ድረስ ሠራነው። ለሕፃናቱ የደረሰው እሱ ነው። እፎይ በይ።

ዓይን ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ ልጅቷ ናት። እኔ አልጠየቅኋትም። ሐኪሙ «የዓይን ሞራ ነው፣ ሰማያዊውን የጋረደብሽ እሱ ነው፣ ይወጣል» አለኝ። እንዲህ በቀላሉ። «የአባቴም ይወጣ ነበር ማለት ነው?» አልኩት። አባቴን የት ያውቅና! እኔም አለቀስኩ። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን አወጣልኝ። ያልጻፍኩልሽ ለዚህ ነው፤ ግማሹ ዓይኔ ታሽጎ ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ኩርፊያ ነው። እማዬን «አትንገሪያት» ያልኳት እኔ ነኝ።

በልጅቷ ግን አሁንም እቀናለሁ፤ እንዳትሞኚ። ቁጥሩን ስትጠራ ድምፅዋ ያምራል። አሁን ወረቀቱን እኔ አነባለሁ፣ መለኪያውን እሷ ታነባለች፣ ካልተስማማን ክሩ ከበርሜል አይወጣም። ትናንት ሳንስማማ ቀርተን በመጨረሻ የተሳሳተችው እሷ ሆና ተገኘች። ጠዋት መለኪያውን ሳታስተካክለው ነው የጀመረችው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ስለዚህ ወረቀቱን ላኪልኝ። አንድ ጥቅል ሳይሆን ካገኘሽው ሁለት።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። የሁለተኛው ዓይኔ መሸፈኛ የተነሳልኝ ዕለት ዲጂታሏ በታክሲ እቤት አደረሰችኝ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። አንገቷ ላይ ምን አየሁ መሰለሽ? ምኑ የአባባ ገበር! ምኑ ለስላሳ ሰማያዊ! ሐምራዊ ነው፤ የሚጮህ፣ ዓይን የሚወጋ፣ ቦታ ቦታውን የተዥጎረጎረ ሐምራዊ! የሰርከስ ድንኳን እንኳ እንዲህ ያለ ቀለም አይቀባም። ሰማያዊው አልታይ ሲለኝ ስጨምር፣ ስጨምር ነው ለካ። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ ዞሮ ያየኛል ያልሽኝ ይህን ነው? አንቺ ውሸታም!

«እማዬ፣ ይህን አድርገሽ ነው ሰው ፊት የምትወጪው?» አልኳት።

«ምን ሆነ?» አለች። «መጀመሪያ ያሳክከኝ ነበር፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ እየደበቅሁ ሳጥበው ሳጥበው ተወኝ።»

«ሰው ምን ይልሻል?»

«ትልቋ ልጄ ናት በዓይኗ ቀምማ የሠራችልኝ እላቸዋለኋ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ስላንቺ ሳወራ ሰልችቷቸዋል።»

ስላንቺ አለች፣ ጩጬ፤ ስለኔ ነው። ይህች ሴትዮ እቤት ውስጥ እኔ ፊት አንቺን ታወራለች፣ ጎረቤት ሄዳ ደግሞ እኔን። አጠገቧ የሌለችውን ነው ለካ የምታወራው። እኔ በፎቶሽ ስቀና ስከርም፣ የኔ ጉድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ሰፈሩን ሲያካልል ኖሯል።

አፈርኩ። «አምጪው፣ ልጣለው፣ ሌላ ደህና እሠራልሻለሁ» ብዬ ከአንገቷ ልፈታው እጄን ብዘረጋ፣ እጄን መታችኝ።

አንቺም የአንቺን እንዳትጥዪው።

እህትሽ